ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ያለው ሥራ

በሶዶ–አርባ ምንጭ መንገድ ጫኖ ላይ ሙዝ ሲጫን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ፍሬ በጥሬው ወደ 500 ኪሎ ሜትር ተጉዞ አዲስ አበባ ከሚወርድ ለምን እዚሁ አይቀነባበርም? መልሱም የተለመደ ነው፤ የውጭ ምንዛሪ የለም፣ ባለሀብት አልመጣም፣ መብራት ይቆራረጣል። ሦስቱም እውነት ናቸው። ነገር ግን በአገራችን ገንዘቡ ተመድቦ፣ ውሉ ተፈርሞ፣ ሥራው ተጀምሮም ለዓመታት የተንከባለሉ ፋብሪካዎች አሉ። ስለዚህ ሁነኛውን ምክንያት ከገንዘቡ ቀደም ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል። እሱም ማሽን ከመታዘዙ በፊት መሠራት ያለበት የምህንድስና ጥናት አለመሠራቱ ነው።

የጣና በለስ ስኳር ፋብሪካን ነገር እናስታውስ። በ2003ቱ የአምስት ዓመት ዕቅድ አገሪቱ 2.25 ሚሊዮን ቶን ስኳር ለማምረት አልማ ነበር። በቀን 12,000 ቶን ሸንኮራ የሚፈጨው የበለስ ፋብሪካ ሥራ በ2004 ለብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ተሰጠ። ማሳው ቀድሞ ተተከለ። ሸንኮራው ደረሰ፤ ፋብሪካው ግን አልደረሰም። ሸንኮራ ጊዜው ካለፈ ስኳሩ ይቀንሳል፤ ከተቆረጠ ደግሞ በቀናት ውስጥ ካልተፈጨ ይበላሻል። ብዙው ማሳ ላይ አርጅቶ ቀረ። ሥራው ለቻይና ኩባንያ ተላልፎ ማምረት የተጀመረው በ2013 ነው። ስለ በለስ ሲወራ የሚጎላው የሙስናው ክስ ነው፤ ክሱ ቀላል ጉዳይ አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን የማሳውና የፋብሪካው የጊዜ ሰሌዳ በአንድ ወረቀት ላይ ተናበው አለመቀመጣቸው ነው። ሌባው ቢታሰርም ይህ ክፍተት ሌላ ቦታ ይደገማል።

ወደ ጫኖ ስንመለስ፣ ጥናቱ ምን ሊነግረን እንደሚችል አጫጫኑን ጠጋ ብሎ ማየት ብቻ ይበቃል። ዘለላው ገና አረንጓዴ ሳለ ይቆረጣል። በትከሻ መንገድ ዳር ይደርሳል። አይሱዙው ላይ የሙዝ ቅጠል ይነጠፋል፤ ዘለላው በዘለላ ላይ ይቆለላል። በአረንጓዴ ሙዝ ላይ የደረሰ ምት ወዲያው አይታይም። ጠቁሮ የሚወጣው አዲስ አበባ ደርሶ፣ ማብሰያ ቤት ገብቶ ልጣጩ ቢጫ ሲሆን ነው። እንግዲህ ጫኖ ላይ ፍሬን በካሜራ እያየ የሚለይ ዘመናዊ መስመር ብንተክል፣ ካሜራው ንጹሕ የሚመስል አረንጓዴ ሙዝ አይቶ ያሳልፋል፤ ጉዳቱ ገና ወደፊት መንገድ ላይ ይጠብቀዋል። ቀድሞ ያጠና መሐንዲስ የመጀመሪያው ብር ለፕላስቲክ ሣጥንና ከ13 እስከ 14 ዲግሪ ለሚይዝ ማቀዝቀዣ ይዋል ሊል ይችላል። ያ ምክር ለምረቃ አያምርም፤ ኪሳራውን ግን ይቀንሳል።

ከሙዙ ሌላ እዚያው የሚበቅለው ማንጎም የራሱ ጥያቄ አለው። በዘር የበቀለው ያገሩ ማንጎና የተዳቀለው ዝርያ በመጠን አይመጣጠኑም፤ የውስጡን ዘር ከሥጋው የሚለየው ማሽን ግን ለተወሰነ መጠን የተስተካከለ ነው። ወቅቱ አጭር ስለሆነ፣ ሌላ ፍሬ ካልታሰበ መስመሩ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቀመጣል። ውሃውም አለ። ከጋሞ ደጋ ወርዶ አባያ የሚገባው የሐሬ ወንዝ በበጋ ይቀንሳል፤ ገበሬው ለሙዙ ውሃ አጥብቆ የሚፈልገውም ያን ጊዜ ነው። የማጠቢያው ውሃ ከማን ድርሻ ይወሰዳል? የመብራቱ መቆራረጥም እንዲሁ ተለክቶ መታወቅ አለበት። ፒኤልሲ የሚባለውን የቁጥጥር ኮምፒውተር ለማጥፋት የአፍታ የኃይል መውደቅ ይበቃል። በጭማቂ መስመር ላይ ደግሞ ያቺ አፍታ እንደገና የማጽዳትና የማምከን ሥራ ታስከትላለች፤ መብራቱ ቢመለስም ምርቱ ቶሎ አይመለስም።

ይህ ሁሉ ከፕሮጀክቱ ወጪ አንጻር ትንሽ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ ወረቀት ላይ ያለን ስህተት ማረም ኮንክሪት ከማፍረስ ይቀላልና። ታዲያ ለምን ይዘለላል? በእኔ እይታ ተጠያቂነቱ በሚታየው ሥራ ላይ ብቻ ስለሆነ ነው። ሹም የሚመዘገብለት በጣለው መሠረት ድንጋይ ነው፤ «ይህ እዚህ አያዋጣም» የሚል ጥናት አስጠንቶ የተሸለመ ኃላፊ አላየሁም። ማሽን ሻጩም የራሱን ካታሎግ እንጂ የእኛን ወንዝ አያጠናም።

ጥናት ጊዜ ይበላል፣ መጨረሻውም መደርደሪያ ላይ አቧራ መጠጣት ነው የሚሉ አሉ። ትዝብታቸው ትክክል ነው፤ ብዙ ጥናት እንደዚያ ሆኖ ቀርቷል። መድኃኒቱ ግን ጥናቱን ከግዢው ጋር ማሰር ነው፤ አንድ ሙሉ የምርት ዓመት ፍሬው፣ ውሃውና መብራቱ ሳይለካ ግዢ እንዳይፈቀድ ማድረግ። ለዚህ ባለሙያ ከሩቅ አይመጣም። በ1979 የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተመሠረተው አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ እዚያው የጫኖ ጎረቤት ነው።

ዋናው ነገር ስህተቱን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው። «ፋብሪካ ይመጣል» ሲባል ገበሬው ማሳውን አስቀድሞ ያዘጋጃል። ሙዙን ነቅሎ ማንጎ ቢተክል ፍሬ እስኪያይ ዓመታት ይጠብቃል፤ ፋብሪካው ቢዘገይ ወይም ማሽኑ ፍሬውን ባይቀበል መሬቱን መልሶ የሚክሰው የለም። ባለሥልጣኑ ይዛወራል፣ አቅራቢው ክፍያውን ወስዷል። እንግዲህ በሚቀጥለው ጊዜ መሠረት ድንጋይ ሲጣል ጭብጨባው ይቆይና መጀመሪያ ይጠየቅ፦ የአንድ ዓመቱ ልኬት የት አለ? ማን ለካው? ማንስ ፈረመበት? መልስ ከሌለ ድንጋዩ ቢቆይ ይሻላል።