አንድ ሪሞት ለስንት ካሜራ?

ዐቢይ ጾም ተፈትቶ የሠርጉ ወራት ሲገባ የፎቶና የቪዲዮ ዕቃ ገበያም አብሮ ይሟሟቃል። በዚህ ወቅት ነጋዴውም ሆነ አከራዩ ከሚጠየቃቸው ጥቃቅን ዕቃዎች አንዱ ገመድ አልባ ሪሞት ነው። የገዢው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ “ይኼ ነገር ሁለት ሦስት ካሜራ ባንድ ጊዜ ያዛል ወይ?” ሻጩም “አዎን፣ ያዛል” ብሎ ይመልሳል። መልሱ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎደሎ ነው። ሳይነገር የቀረው ግማሽ ደግሞ ውሎ አድሮ በሻጭና በገዢ፣ በፎቶ ቤትና በባለ ሠርግ መካከል ጭቅጭቅ የሚያስነሳው ነው።

ገበያ ላይ ያለው ሪሞት በጥቅሉ በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ኢንፍራሬድ ሲሆን፣ አሠራሩ ከቴሌቪዥን ሪሞት የተለየ አይደለም፤ ለዓይን በማይታይ ብርሃን ያዛል። የኒኮን ኤምኤል-ኤል3 እና የካኖን አርሲ-6 ከዚህ ወገን ናቸው። ይህ ሪሞት አንዱን ካሜራ ከሌላው አይለይም። ቋንቋውን የሚያውቁ የዚያው ፋብሪካ ካሜራዎች ከፊቱ እስከቆሙ ድረስ አንድም ሆኑ አራት ይታዘዙታል። ዋጋው ቀላል ነው፤ ሪሞቱን ከካሜራው ጋር የማስተዋወቅ ጣጣም የለበትም።

ይሁን እንጂ የሚደርሰው አምስት ሜትር ገደማ ብቻ ነው። የካሜራው መቀበያ ዓይን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት በኩል ሲሆን፣ ፎቶ አንሺው የሚቆመው ከኋላ ነው። አንዱ ካሜራ በአዳራሹ ግራ፣ ሌላው በቀኝ ከተተከለ ሁለቱንም በዚህ ሪሞት አዛለሁ ማለት ዘበት ነው። ደጅ ላይ ኃይለኛ ፀሐይ ካለማ ይብሳል።

ሁለተኛው በብሉቱዝ የሚሠራው ነው። በጥቅሉ አንድ ሪሞት ለአንድ ካሜራ የሚታሰር በመሆኑ ሦስት ካሜራ ያለው ሰው ሦስት ሪሞት መያዝ ሊኖርበት ነው። ለሻጩ መልካም ነው። ከዚህ ለየት የሚሉት እንደ ጎፕሮ ያሉ ትናንሽ ካሜራዎች ናቸው፤ ስማርት ሪሞት የተባለው የጎፕሮ ሪሞት እስከ 50 ካሜራ፣ ከእሱ በኋላ የወጣው ደግሞ እስከ 5 ካሜራ ባንድ ላይ እንዲያዝ የተሠራ ነው።

ለነጋዴው ትኩረት የሚገባው ሦስተኛው፣ የሬዲዮ ሞገዱ ሪሞት ነው። አንድ ላኪ በእጅ ይያዛል፤ በእያንዳንዱ ካሜራ ላይ ደግሞ ተቀባይ ይታሰራል። ላኪው አንድ ሆኖ ተቀባዮቹ የፈለጉትን ያህል ቢበዙ ችግር የለም፤ ሁሉም በአንድ ቻናል ላይ ይዋሉ እንጂ። ስለዚህ ገዢው ሊሰላው የሚገባው የሪሞቱን ዋጋ ሳይሆን የተቀባዩን ዋጋ በካሜራው ቁጥር አባዝቶ ነው። ብዙው ዕቃ የሚሸጠው አንድ ላኪ ከአንድ ተቀባይ ጋር በጥንድ ስለሆነ፣ ለሦስት ካሜራ ሦስት ጥንድ የገዛ ሰው ሁለት ላኪ ሥራ ፈትተው ይቀመጡበታል። እንደ ዮንግኑዎ አርኤፍ-603 ያሉት ግን እያንዳንዳቸው ላኪም ተቀባይም መሆን ስለሚችሉ ሁለት ጥንድ ይበቃል፤ ሦስቱ በካሜራ ላይ፣ አራተኛው በእጅ።

ሌላው የኪሳራ ምንጭ ገመዱ ነው። ነገሩ ገመድ አልባ ቢባልም ተቀባዩ ከካሜራው ጋር የሚገናኘው በአጭር ገመድ ሲሆን፣ የገመዱ ጫፍ እንደ ካሜራው ይለያያል። ካኖን ብቻውን እንኳ ለትልልቆቹ ካሜራዎች አንድ ዓይነት፣ ለአነስተኞቹ ሌላ ዓይነት ሶኬት አለው። ገመዱን ሳያይ የገዛ ሰው ዕቃውን ይዞ መመለሱ አይቀርም።

ከውጭ በሻንጣ የሚገባው ዕቃም የራሱ ጣጣ አለው። ለምሳሌ ፖኬት ዊዛርድ ፕላስ ሦስት የሚባለው ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው በ340 እና በ354 ሜጋኸርዝ መካከል፣ ለአውሮፓ የሚሠራው ደግሞ በ433 ሜጋኸርዝ አካባቢ ነው። ከዋሽንግተን ዘመድ ያመጣው አንዱና ከጀርመን የመጣው ሌላው መልካቸው አንድ ቢሆንም አይነጋገሩም። ደላላው “ያው አንድ ዓይነት ነው” ቢልዎት ከዕቃው ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር ያንብቡ። በብዛት ለማስመጣት የሚያስብ ነጋዴም፣ የሬዲዮ መሣሪያ ከጉምሩክ ሌላ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ይሁንታ የሚመለከት ጉዳይ መሆኑን አስቀድሞ ይወቅ።

ቻናሉን ፋብሪካው እንዳስቀመጠው መተውም ዋጋ ያስከፍላል። በአንድ መናፈሻ አምስት ስድስት ሙሽሮች በሚገናኙበት ቅዳሜ፣ የጎረቤት ፎቶ ቤት ተመሳሳይ ዕቃ በተመሳሳይ ቻናል ይዞ ከመጣ የእሱ ጠቅታ የእርስዎን ካሜራ ያስነሳዋል። አርኤፍ-603 16 ቻናል አለው፤ መቀየሩ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

እስካሁን የተባለው ሁሉ በገንዘብ ይስተካከላል። የማይስተካከለው የሚመጣው ሪሞቱ ለቪዲዮ ሲውል ነው። እነዚህ ሪሞቶች በአብዛኛው ይናገራሉ እንጂ አይሰሙም፤ ትእዛዙ ለካሜራው መድረሱን የሚነግርዎት ነገር የለም። በተለምዶ ቪዲዮ ማስጀመሪያውና ማቆሚያው ደግሞ አንድ ቁልፍ ነው። እንግዲህ አንድ ፎቶ ቤት ሦስት ካሜራ ተክሎ ሙሽሮቹ ሲገቡ ጠቅ አደረገ እንበል። ሁለቱ ቀረጻ ጀመሩ፤ ሦስተኛው አልሰማም። ለማቆም ሲጫን ሁለቱ ይቆማሉ፣ ሦስተኛው ይጀምራል። ኬክ ሲቆረስ እንደገና ሲጫን ሁለቱ ሲጀምሩ ያ ሦስተኛው ያቆማል። በዚህ ዓይነት አንዱ ካሜራ ቀኑን ሙሉ ሥራ የሌለበትን ክፍተት ብቻ ቀድቶ ማታ ይመለሳል። ኬኩ ሁለተኛ አይቆረስም።

ታዲያ ካሜራውን ከፍቶ መተው አይሻልም ወይ ቢባል፣ ይሻላል። ዳሩ ግን ብዙ ካሜራዎች 29 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ሲሞላ ቀረጻውን በራሳቸው ያቆማሉ። የዚህ ምክንያቱ በአብዛኛው የቀረጥ ነገር ነበር፤ በአውሮፓ 30 ደቂቃና ከዚያ በላይ የሚቀዳ ካሜራ እንደ ቪዲዮ ካሜራ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ቀረጥ ይጣልበት ስለነበር ፋብሪካዎቹ አንድ ሰከንድ ቀንሰው ሸጡት። ብራስልስ ላይ የተወሰነ ቀረጥ አዲስ አበባ ላይ ሠርግ ያቋርጣል ማለት ነው። ካሜራው ሲያቆም በሪሞት እንደገና ሊያስነሱት ሲጫኑ፣ ገና በመቅዳት ላይ ያሉትን ሌሎቹን ያቆሟቸዋል።

ልምድ ያለው ባለሙያ ስለዚህ ሪሞቱን ለፎቶ ያውላል፤ ለቪዲዮ ግን እያንዳንዱን ካሜራ በእጁ ያስነሳና ቀይዋ መብራት መብራቷን አይቶ ያልፋል። ሁሉም መቅዳታቸውን ካረጋገጠ በኋላ በካሜራዎቹ ፊት አንድ ጊዜ ያጨበጭባል፤ ኤዲተሩ ያንን ድምፅ ይዞ ሦስቱን ቀረጻ ያገጣጥማል። ሪሞት ቢጠቀምም ማጨብጨቡ አይቀርለትም፤ ካሜራዎች በአንድ ጠቅታ ቢታዘዙም በአንድ ቅጽበት አይጀምሩምና።

ዕቃ የሚያከራዩ ደግሞ በኪራይ ደረሰኙ ላይ “ሪሞት ከነተቀባዩ” ብለው ባያልፉት ይመረጣል። የላኪው ቁጥር፣ የተቀባዩ ቁጥር፣ የገመዱ ዓይነትና ሞገዱ ተለይተው ይጻፉ። ዕቃው ሲወጣም ሆነ ሲመለስ ደጃፍ ላይ ከየካሜራው ጋር ታስሮ አሥር አሥር ጊዜ ይሞከር።