ያረጁ ትንንሽ ግድቦች፤ ጥቅማቸውና ደኅንነታቸው

የውሃ ኃይል ማመንጫ ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው ታላላቆቹን ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በአንጻሩ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ በአቃቂ ወንዝ ላይ የሚገኘው የአገራችን የመጀመሪያ የውሃ ኃይል ማመንጫ፣ አባ ሳሙኤል፣ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ብቻ ነው፤ ልዩነቱ 780 እጥፍ ያህል መሆኑ ነው። ታዲያ ስለ ትንንሾቹና ስላረጁት ግድቦች መነጋገር ለምን ያስፈልጋል? በዚህ ጽሑፍ ጥያቄውን ከፊዚክስ አንጻር እንመለከተዋለን።

የትንሽ ግድብ ጥቅም

በእያንዳንዱ ሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ውሃ ከ20 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ የውሃው እፍጋት፣ የስበት ፍጥነት ለውጥ፣ የፍሰቱ መጠንና ከፍታው ተባዝተው 196 ኪሎ ዋት ይሰጣሉ። ተርባይኑና ጄኔሬተሩ ከዚህ ውስጥ 85 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቢለውጡ 167 ኪሎ ዋት ያህል እናገኛለን። ይህ ለአንድ ትልቅ ከተማ ኢምንት ነው፤ ለአንድ የገጠር ከተማ ወፍጮዎች፣ ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ግን ቀላል አይደለም። ግድቡ አስቀድሞ የተሠራ ከሆነ ደግሞ፣ አሮጌውን ማደስ አዲስ ከመገንባት ባነሰ ወጪ ሊከናወን ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራው አባ ሳሙኤል የዚህ ምሳሌ ነው። የአዲስ አበባን መብራት ሲያበራ ከቆየ በኋላ ደለል እየሞላው፣ ጥገናም እያጣ ለአሥርተ ዓመታት ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። በቻይና ኩባንያ በተከናወነ የእድሳት ሥራም እ.ኤ.አ. በ2016 ዳግም ኃይል ማመንጨት ጀመረ።

ውሃው ግድቡን ምን ያህል ይገፋዋል?

የውሃ ግፊት የሚወሰነው በጥልቀት እንጂ በሐይቁ ርዝመት አይደለም። በመሆኑም ሐይቁ ወደ ኋላ 1 ኪሎ ሜትርም ይርዘም 100፣ ጥልቀቱ እኩል እስከሆነ ድረስ በግድቡ ላይ የሚያርፈው ግፊት አንድ ነው። ውሃው 20 ሜትር ጥልቀት ካለው፣ በእያንዳንዱ አንድ ሜትር የግድቡ ርዝመት ላይ የሚያርፈው አግድም ኃይል 1.96 ሚሊዮን ኒውተን፣ ማለትም የ200 ቶን ክብደት ያህል ነው።

ይህ ኃይል ከጥልቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል። ግድቡን ለመገልበጥ የሚሞክረው የማዞር ኃይል ደግሞ ከጥልቀቱ ኪዩብ ጋር ነው የሚያድገው። ስለዚህ ውሃው ከ20 ወደ 21 ሜትር ከፍ ቢል የጥልቀቱ ጭማሪ 5 በመቶ ብቻ ሲሆን፣ የሚገፋው ኃይል በ10 በመቶ፣ የሚገለብጠው ደግሞ በ16 በመቶ ገደማ ይጨምራል። በጎርፍ ወቅት አንዲት ሜትር የምታስፈራው በዚህ ምክንያት ነው።

እርጅና ምን ይዞ ይመጣል?

አንደኛው ደለል ነው። ደለል የሐይቁን የመያዝ አቅም ይቀንሳል፤ ከውሃ የከበደ በመሆኑም በግድቡ ላይ ተጨማሪ ጫና ያሳርፋል። ሁለተኛው ስርገት ነው። በግድቡ ሥር የሚሰርገው ውሃ ግድቡን ከታች ወደ ላይ ስለሚገፋው፣ ግድቡ የሚቆምበትን ክብደት በከፊል ይቀንስበታል። በአፈር ግድብ ላይ ደግሞ ስርገቱ ደቃቁን አፈር እየጠረገ ውስጥ ለውስጥ ቦይ ሊከፍት ይችላል።

ሦስተኛው ከግድቡ ውጭ ያለው ለውጥ ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ አዲስ አበባን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ግድቡ ሲታቀድ የነበረችው ከተማና የዛሬዋ አዲስ አበባ ፈጽሞ የማይነጻጸሩ ናቸው። አስፋልትና ቆርቆሮ ዝናብን እንደ ሣር መሬት አያሰርጉም፤ ያው ዝናብ ዛሬ ፈጥኖና በዝቶ ወደ ወንዙ ይገባል። ስለሆነም ያረጀ ግድብ ማስተንፈሻ በተሠራበት ዘመን ጎርፍ ሳይሆን በዛሬው ጎርፍ ሊመዘን ይገባል።

የኤደንቪል ትምህርት

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት የሚገኘውና በ1920ዎቹ የተሠራው የኤደንቪል ግድብ አቅሙ 4.8 ሜጋ ዋት ነበር፤ ከአባ ሳሙኤል ያነሰ ማለት ነው። የማስተንፈሻው አቅም ለከባድ ጎርፍ እንደማይበቃ ተቆጣጣሪው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ለዓመታት ሲያስጠነቅቅ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የግድቡን የኃይል ማመንጫ ፈቃድ ሰረዘ። ፈቃዱ ቢሰረዝም ግድቡና ሐይቁ በቦታቸው ነበሩ። በግንቦት 2020 ከባድ ዝናብ ጥሎ ሐይቁ ሲሞላ፣ ውሃው በአናቱ ላይ ሳይፈስ የአፈሩ ክፍል በድንገት ተንዶ ወረደ። በኋላ የቀረበው የገለልተኛ ባለሙያዎች ምርመራ እንዳሳየው፣ በደንብ ያልተጠቀጠቀው አሸዋ በውሃ ርሶ እንደ ፈሳሽ ሆኖ ነበር። ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎች አስቀድመው ከቤታቸው እንዲወጡ በመደረጉ በጎርፉ የሞተ ሰው አልነበረም።

ማስጠንቀቂያና ዝግጅት በሌለበት ውጤቱ ሌላ ነው። በሊቢያ ደርና ከተማ በመስከረም 2023 በ1970ዎቹ የተሠሩ ሁለት የጎርፍ መከላከያ ግድቦች በአንድ ሌሊት ሲደረመሱ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀዋል።

ምን ይደረግ?

ከሁለቱ አደጋዎች የምንረዳው፣ የግድብ አደገኛነት በሚያመነጨው ሜጋ ዋት እንደማይለካ ነው። የሚለካው በያዘው ውሃ፣ በአካሉ ጤንነትና ከበታቹ በሚኖረው ሕዝብ ብዛት ነው። ኃይል ማመንጨት ያቆመ ግድብም ውሃ እስከያዘ ድረስ ሥራ ላይ ነው፤ ተቆጣጣሪና በጀት ያስፈልገዋል።

የሚያስፈልጉት መሣሪያዎችም ውስብስብ አይደሉም። በግድቡ ውስጥና ሥር ያለውን የውሃ ግፊት የሚለኩ ቧንቧዎች፣ የስርገቱን መጠን በየጊዜው መመዝገብ፣ የማስተንፈሻውን በሮች ከክረምት በፊት መፈተሽ፣ በግርጌው ለሚኖሩ ሰዎችም የማስጠንቀቂያ ሥርዓት መዘርጋት ዋና ዋናዎቹ ናቸው። ስርገቱ ድንገት ከጨመረ፣ ወይም ጥርት ብሎ ይወጣ የነበረው ውሃ ከደፈረሰ፣ ግድቡ ውስጡ እየተሸረሸረ ሊሆን ስለሚችል ለነገ የሚባል ነገር የለም።

ውድ ተማሪዎች፣ በአካባቢያችሁ የመስኖ፣ የመጠጥ ውሃ ወይም የኃይል ማመንጫ ግድብ ካለ፣ ከላይ ያየነውን ስሌት በራሱ ጥልቀት ደግማችሁ ሥሩት። ከዚያም ሦስት ነገሮችን ጠይቁ፤ መቼ ተሠራ? መጨረሻ የተፈተሸው መቼ ነው? ከበታቹስ ማን ይኖራል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ያለው አካል ከሌለ፣ ግድቡ ምንም ያህል ቢያንስ ችግሩ ትንሽ አይደለም።