አፍሪካ በባሕር ተከባ በነበረችበት ዘመን፦ የጭልጋ ቅሪተ አካላት ምን ያስረዳሉ?

ከፒያሳ ተነሥቶ በአራት ኪሎ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ የሚወጣ ሰው አምስት ኪሎ ላይ ብሔራዊ ሙዚየምን ያገኛል። በአራዳ ክፍለ ከተማ የሚገኘውን ይህን ሙዚየም አብዛኛው ጎብኚ የሚያውቀው በድንቅነሽ ነው። በስብስቡ ውስጥ ግን ድንቅነሽን በዕድሜ ከስምንት እጥፍ በላይ የሚበልጡ፣ ከጎንደር በስተምዕራብ ከጭልጋ የመጡ የእንስሳት ቅሪተ አካላት አሉ። ዕድሜያቸው 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

በዚያ ዘመን አፍሪካና ዓረቢያ አንድ ምድር ሆነው ከእስያና ከአውሮፓ በባሕር ተለይተው ነበር። የአንበሳ፣ የአውራሪስና የጎሽ ቅድመ አያቶች ገና አልደረሱም። በሬም የዚሁ የመጤ ወገን ነው። ጭልጋ ላይ የተገኙት የምድሪቱ የራሷ ተወላጆች ናቸው፦ የጥንት የዝሆን ዘመዶች፣ ከዛሬዋ ሽኮኮ እጅግ የሚገዝፉ የሽኮኮ ወገኖች፣ እንዲሁም አፍንጫው ላይ ሁለት ግዙፍ ቀንዶች ጎን ለጎን የበቀሉለት፣ ዛሬ ዘሩ የጠፋው አርሲኖይተሪየም። ከዝሆን ዘመዶች አንዱ በሥፍራው ስም ጭልጋተሪየም ተብሏል።

ዝሆንና ሽኮኮ ዘመድ ናቸው ሲባል የሚገረም ይኖራል። የዘር ቅንጣት ጥናት ግን ሌሊት የምስጥ ኩይሳ እየቆፈረ ነፍሳት የሚበላውን አዋልዲጌሳንም ከዚሁ የአፍሪካ ቤተሰብ ይመድበዋል።

በጆን ካፐልማን የተመራው ቡድን ግኝቱን በ1996 ዓ.ም ይፋ ከማድረጉ በፊት፣ በአፍሪካ የአጥቢ እንስሳት ታሪክ ስምንት ሚሊዮን ዓመት ያህል የሚሆነው ዘመን እምብዛም አይታወቅም ነበር። ጭልጋ ክፍተቱን በከፊል ሞላች፤ በዚያን ጊዜ መጤ አለመኖሩንም አሳየች። ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በኋላ ዓረቢያ ከእስያ ጋር ስትገናኝ የየብስ መሸጋገሪያ ተከፈተ። የዝሆን ዘመዶች በዚያ ወጥተው እስከ ሰሜን አሜሪካ ዘለቁ፤ ሌሎች ደግሞ ገቡ።

ይህ ሁሉ የታወቀው ከአጥንቱ ብቻ አይደለም። ዕድሜውን የሚናገረው አብሮት የተነባበረው የእሳተ ገሞራ ዐመድ ነው። ጥርስ ከአጥንት ይልቅ ጠንካራ በመሆኑ በብዛት ይተርፋል፤ ከንብርብሩ ተነቅሎ ቤት የገባ ጥርስ ግን ከየትኛው ዘመን እንደሆነ ለማወቅ ያስቸግራል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይነካ እንዲጠብቅና እንዲያሳውቅ ያዝዛል። በእርሻ ወይም በጉድጓድ ቁፋሮ መካከል አጥንት የሚመስል ድንጋይ የገጠመው አርሶ አደር ቦታውን ምልክት አድርጎ ለወረዳው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሊነግር ይችላል።