ከማሳ የወጣ መረጃ ወዴት ይሄዳል?

የኢትዮጵያ ገበሬ ለአሥርተ ዓመታት ስለ ማዳበሪያ የሰማው ምክር አንድ ነበር፤ ለሄክታር አንድ ኩንታል ዳፕ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ። ለጎጃም ቀይ አፈርም፣ ለአድአ መረሬም፣ ለጅማ አሲዳማ መሬትም ያው ነበር። አፈሩ በስፋት ሳይመረመር ከዚህ የተሻለ መናገር ይከብዳል። ዛሬ ዲጂታል ግብርና ሲባል የብዙ ሰው ሐሳብ ወደ ድሮንና ወደ ስልክ መተግበሪያ ይሄዳል። በአገራችን ግን ነገሩ ቀደም ብሎ የተጀመረ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጥያቄ ነው፦ ከማሳው የተሰበሰበው መረጃ ተመልሶ ገበሬው ዘንድ ይደርሳል ወይ?

በ2003 ዓ.ም. የተቋቋመው የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ፣ የዛሬው ኢንስቲትዩት፣ ብዙም ሳይቆይ ኢትዮሲስ በሚል አጭር ስም የሚታወቀውን የአፈር መረጃ ሥርዓት ጀመረ። ባለሙያው በጂፒኤስ ወደተመረጠለት ነጥብ ይሄዳል፤ ከላይኛው 20 ሴንቲሜትር አፈር በመሰርሰሪያ ያወጣል፤ ከአካባቢው ካሉ ሌሎች ነጥቦች የወሰደውን ጨምሮ ይደባልቅና ከፊሉን በከረጢት አስሮ፣ ቁጥር ሰጥቶ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል። እዚያ አፈሩ ደርቆ፣ ተፈጭቶ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይነበባል። ውጤቱ ብዙዎችን አስገረመ። የጎደለው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ብቻ አልነበረም፤ ሰልፈር፣ ቦሮን፣ ዚንክ፣ በአንዳንድ ቦታ ፖታሲየምም አነሰ ተባለ። በዚህ መነሻ ዳፕ ቀርቶ ሰልፈር የተጨመረበት ኤንፒኤስ መጣ፤ በባሕር ዳር፣ በቱሉ ቦሎ፣ በወራቤ፣ በነቀምቴና በመቀሌ ዩኒየኖች የሚያስተዳድሯቸው የማዳበሪያ መደባለቂያ ፋብሪካዎች ተተከሉ።

ክርክሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የአገሪቱ የምርምር ማዕከላት ባለሙያዎች አዲሶቹን ማዳበሪያዎች በመስክ ሲሞክሩ፣ በብዙ ቦታ ምርቱን የሚጨምሩት አሁንም ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ሆነው አገኙ። ቦሮኑና ዚንኩ የሚጠበቀውን ያህል ለውጥ አላሳዩም። የአፈር ካርታ በአፈሩ ውስጥ ምን እንዳለ ይናገራል፤ ሰብሉ ለተጨመረለት ነገር ምን ምላሽ እንደሚሰጥ የሚታወቀው ግን ተዘርቶ፣ ታጭዶ፣ ተመዝኖ ነው። ሁለቱ ሥራዎች እኩል መሄድ ሲገባቸው አንደኛው ቀደመ። ሌሎች ጥናቶች ደግሞ በአንድ ቀበሌ ውስጥ እንኳ ተዳፋቱ ላይ ያለው ማሳና ግርጌው ላይ ያለው ማሳ ለማዳበሪያ የሚሰጡት ምላሽ እንደሚለያይ አሳዩ። አፈሩ አሲዳማ ከሆነም ፎስፈረሱ ከአሉሚኒየምና ከብረት ጋር ተጣብቆ ሥሩ ሳይደርስበት ይቀራል፤ ኖራ ሳይበተን የተጨመረ ማዳበሪያ አብዛኛው ይባክናል። ከአገሪቱ የእርሻ መሬት 43 በመቶ ያህሉ በአሲዳማነት የተጠቃ ነው ተብሎ ይገመታል።

ካርታው ጥቅም አልሰጠም አልልም። የጠቀመው ግን በይበልጥ የግዢ ውሳኔ ለሚወስነው መሥሪያ ቤት ነው። ገበሬው ማዳበሪያ የሚወስደው አሁንም ከማኅበሩ ነው፤ ምርጫውም ማኅበሩ መጋዘን የደረሰው ከረጢት ነው። ለእሱ የተለወጠው ከረጢቱ ላይ የታተመው ስም ነው። አፈሩን ቆፍረው የወሰዱለት ሰዎች ምን እንዳገኙ በወረቀት ላይ ሰፍሮ እጁ የገባ ገበሬ ብርቅ ነው።

መልሱን ማድረስ የታሰበው በስልክ ነበር። በ2006 ዓ.ም. ማብቂያ ሥራ የጀመረው 8028 የተባለው የስልክ መስመር ነጻ ነው፤ ኢንተርኔት አይፈልግም፤ ማንበብ መቻልንም አይጠይቅም። ገበሬው በተራ የእጅ ስልክ ይደውላል፤ አማርኛ፣ አፋን ኦሮሞ ወይም ትግርኛ ብሎ ይመርጣል (ሌሎች ቋንቋዎች በኋላ ተጨምረዋል)፤ ስንዴ ወይም ጤፍ ብሎ ቁልፍ ይጫናል፤ ከዚያ ስለ ማሳ ዝግጅት፣ ስለ ዘር መጠን፣ ስለ አረም የተቀዳ ድምፅ ይሰማል። ሚሊዮኖች ደውለዋል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም የተቀዳው ድምፅ የደዋዩን አፈር አያውቀውም። ለሁሉም የሚነገረው የፓኬጅ ምክር ነው፤ አንድ ኩንታል በአንድ ኩንታል ከሚለው የተሻለ፣ ነገር ግን ከዚያው ቤት የወጣ። በብዙ ቤት ደግሞ ስልኩ የሚውለው በባል ኪስ ነው፤ ጓሮውንና ዶሮውን የምታስተዳድረው ሚስት ምክሩን የምትሰማው ባል ሰምቶ ከነገራት ነው።

በኔ ግምት መረጃው ዞሮ ተመልሶ ገበሬውን የጠቀመበት ጥሩ ምሳሌ የስንዴ ዋግ ነው። በ2003 የመኸር ወቅት ቢጫ ዋግ ኩብሳ የተባለውን፣ በሰፊው ይዘራ የነበረ የስንዴ ዝርያ አጠፋው። ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ይቋቋማል ወደተባለው ዲገሉ ዞረ። በ2006 ዓ.ም. በአርሲና በባሌ አዲስ የግንድ ዋግ ዝርያ ተነሥቶ ዲገሉን አነደደው፤ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። በክፉ በተመታ ማሳ ላይ ዛላው ባዶ ገለባ ነበር።

ዋግ እንደ ደቃቅ ዱቄት በነፋስ የሚጓዝ ፈንገስ ነው። ዛሬ አንድ ወረዳ ላይ ካለ፣ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያውቅ ሰው በሚቀጥለው ሳምንት የት እንደሚያርፍ መገመት ይችላል። ከ2010 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የኢትዮጵያ ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት፣ ሲሚት የተባለው ዓለም አቀፍ የበቆሎና የስንዴ ምርምር ማዕከል፣ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲና የብሪታኒያ ሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት በትብብር የሚያንቀሳቅሱት የቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት የቆመው በዚህ ላይ ነው። ቃኚው መንገድ ዳር መኪናውን ያቆማል፤ ማሳው ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያለ ይገባል፤ የዋጉን ዓይነትና የጉዳቱን መጠን በታብሌት ይመዘግባል፤ ከነቦታ መለያው ይልካል። ኮምፒውተሩ ያንን ከአየር ትንበያው ጋር አገናኝቶ ለቀጣዮቹ ቀናት አደጋ ያለበትን አካባቢ ያመለክታል፤ ማስጠንቀቂያውም በባለሙያዎችና በአጭር መልእክት በኩል ይወርዳል። ይህ የሠራበት ምክንያት ግልጽ ነው። ከማሳው የተወሰደው መረጃ በቀናት ውስጥ ለማሳው ተመለሰ፤ የሚመልሰውም አንድ ቁርጥ ያለ ነገር ነው፦ አሁን ርጭ። እርግጥ ነው፣ ፀረ ፈንገሱ በወረዳው ከሌለ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ከሆነ ማስጠንቀቂያው ጭንቀት ከመጨመር አያልፍም።

አሁን ጥያቄውን የሚያባብሰው ቡና ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 ወዲህ ደን ተመንጥሮበት በተዘጋጀ መሬት ላይ የበቀለ ቡና በገበያው አይሸጥም። ላኪው ቡናው የበቀለበትን ማሳ መገኛ ማቅረብ አለበት፤ እስከ 4 ሄክታር ለሆነው አንድ ነጥብ ይበቃል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ ግን የማሳው ዙሪያ ይሣላል። ነጥቡ ከዴሲማል በኋላ ስድስት አሃዝ ይፈልጋል። በምድር ላይ ሲሰላ ይህ 11 ሴንቲሜትር ያህል ነው፤ ማሳውን የሚለካው ተራ ስልክ ራሱ በሜትሮች ይስታል! የሕጉ ተግባራዊ መሆኛ ጊዜ ተራዝሟል፤ ከተራዘመም በኋላ እንደገና ተራዝሟል። ከምንልከው ቡና ሢሶ ያህሉ ወደ አውሮፓ ኅብረት ስለሚሄድ ግን ዩኒየኖችና ላኪዎች ማሳዎቹን መለካትና መመዝገብ ጀምረዋል።

የሚገርመው፣ ይኸው መረጃ ትናንት ሆን ተብሎ የሚጠፋ ነበር። ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሲገባ የሚሸጠው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ነበር፤ የማን ማሳ እንደሆነ መጋዘን ሲደርስ ይደበዝዝ ነበር። ከዚያ በፊትም ቢሆን ሰብሳቢው ጀንፈሉን ከየቤቱ እየለቀመ አንድ ጆንያ ውስጥ ይጨምረዋል። አሁን ያ ሁሉ ጆንያ ወደ ኋላ ተፈትቶ ባለቤቱ ይታወቅ ተብሏል። ሌላ ችግርም አለ። ቡናችን በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅል ስለሆነ ሳተላይት ከደን ለይቶ ለማየት ይቸገራል። ካፋ ውስጥ ገበሬው ጥላውን ለማሳሳት ቅርንጫፍ ቢቆርጥ፣ ከላይ ሲታይ ደን የተመነጠረ ሊመስል ይችላል። እንዲህ ዓይነት ስሕተት ቢፈጠር ማሳዬ ደን አልነበረም ብሎ የሚከራከረው ሰው ስለ ማሳው የተመዘገበው ነገር ግልባጭ እንኳ የለውም።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአሜሪካ የገበሬዎች ማኅበራትና የትራክተር፣ የዘርና የሶፍትዌር ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2014 መረጃው የገበሬው ነው የሚል መርህ ፈርመዋል፤ ትራክተሩ ያጠራቀመውን መረጃ ማን ያያል የሚለው ሙግት ግን አልቆመም። ልዩነቱ፣ የአዮዋ ገበሬ ጠበቃ አለው።

ወደ እኛ ስንመለስ፣ መንግሥት በሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ ሥራ የሚሊዮኖችን ማሳ ለክቶ ካርታ ሰጥቷል። የቡና ማሳ ለአውሮፓ ሲባል እንደ አዲስ ሲለካ ያንን መዝገብ መጠቀም፣ የተገኘውንም ነጥብ በገበሬው የይዞታ ደብተር ላይ ማስፈር የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም። የሚከብደው መረጃውን እንደ ራስ ንብረት ይዞ መቀመጥን መተው ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና የማስተካከል መብት ሰጥቶታል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቡና አምራች ቤተሰብ ያላችሁ ከሆነ፣ ማሳቸው ከተለካ የለካውን ዩኒየን ወይም ላኪ ግልባጩን እንዲጠይቁ ንገሯቸው፤ ሲሰጣቸውም ነጥቡ በእርግጥ ማሳቸው ላይ ማረፉን ያረጋግጡ።