በጅሮንድና የቆሎ ተማሪ

«በርሳር» የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ገጥሟችሁ ያውቃል? እንግሊዞች የኮሌጅ ገንዘብ ያዥን በርሳር ይሉታል። ስኮትላንድ ሲገቡ ግን በርሳር የገንዘብ ድጋፍ አግኝቶ የሚማር ተማሪም ነው። ሰጪና ተቀባይ እንዴት ባንድ ስም ይጠራሉ? ነገሩ ወዲህ ነው፤ «ቡርሳ» በላቲን የገንዘብ ከረጢት ሲሆን፣ ከግሪክ የመጣ ነው፤ እዚያ ቆዳ ማለት ነበር። አንዱ ከረጢቱን ይይዛል፣ ሌላው ከከረጢቱ ይማራል።

የእኛስ? የቤተ መንግሥቱ ግምጃ ቤት ኃላፊ «በጅሮንድ» ይባል ነበር። ተማሪው ደግሞ «የቆሎ ተማሪ» ነው። በእኛው ደቡብ ጎንደር ድጓ ሊማር ቤተልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕት ሊማር ዙር አባ የሚዘልቀው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ በዱላ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይቆማል። እንግዲህ ቆዳውም ከረጢቱም እሱ ዘንድ አሉ ማለት ነው።

ሁለቱ ስሞች በቃል ባይገናኙም በሰው ተገናኝተዋል። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ተወስደው፣ በሰው ቤት አድገው የጦር ትምህርት ተማሩ። አገራቸው ተመልሰው በጅሮንድ ተባሉ፤ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ፤ የ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትንም አረቀቁ። ተማሪም ገንዘብ ያዥም ማለት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። ስኮላርሺፕን «ነፃ የትምህርት ዕድል» ብለን እንጠራዋለን። «ነፃ» የሚለው ቃል ግን ከፋዩን ይደብቃል። ስኮትላንዳዊው ተማሪ ስሙ ራሱ «ከከረጢት ነው የምትማረው» ይለዋል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ለምንማረው ይህን የሚያስታውሰን በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው ወጪ መጋራት ነው። ውል እንፈርማለን፤ ተመርቀን ሥራ ስንይዝ እንከፍላለን። ብዙዎቻችን ግን ፈርመን ወዲያው እንረሳዋለን።

ለቆሎ ተማሪው እንጀራ የምትቆርሰው የጋይንት እናት ውል አታስፈርምም። ተማሪው ግን ዕዳውን ያውቃል፤ የኔታ ሲሆን እሱም በተራው ያለ ክፍያ ያስተምራል። እኛስ? ከመንግሥቱ ገንዘብ ሌላ፣ ለሳሙናና ለፎቶ ኮፒ ብላ ጠላ ሸጣ የምትልክልን እናት አለች። የእሷ ወጪ የትኛውም ውል ላይ አልሰፈረም። እኔ ግን በጅሮንድ እላታለሁ፤ መቼም ማዕረጉ አይበዛባትም።