የጊታር ድምፅ ማጉያ፦ ከዋት ብዛት ይልቅ ልክን ማወቅ

እ.ኤ.አ. በ1966 ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜዮል ጋር ለንደን ውስጥ አልበም ሲቀዳ፣ የማርሻል ድምፅ ማጉያውን እጅግ ከፍ አድርጎ ተጫወተ። የመሣሪያው ቫኩም ቱቦዎች እስከ አቅማቸው ጫፍ ሲገፉ የወጣው ወፍራምና ሻካራ ድምፅ ለብሉዝና ለሮክ ጊታር መለኪያ ሆኖ ቀረ።

ይህን ድምፅ የሚሻ ገዢ ታዲያ በዋት ብዛት ሊማረክ አይገባውም። ባለ 50 ዋቱ ማጉያ ከባለ 5 ዋቱ ይልቅ ለጆሮ የሚጎላው አሥር እጥፍ ሳይሆን ሁለት እጥፍ ገደማ ብቻ ነው። በመኖሪያ ቤት ትልቁ ማጉያ ቱቦዎቹ ገና ሳይፈተኑ ጎረቤት ያውካል፤ ትንሹ ግን ተፈላጊውን ሻካራነት ቀድሞ ይሰጣል። ከበሮ ላለበት ትንሽ መድረክ ከ15 እስከ 20 ዋት ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

ስለዚህ ገዢው የራሱን ጊታር ይዞ ይሂድ፤ ማጉያውንም ዘወትር በሚጫወትበት የድምፅ ልክ ይፈትነው።