አክስቴ፣ ባንድ ምረጪልኝ

ሆሳዕና ያለው የወንድሜ ልጅ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ውስጥ ቤዝ ጊታር ይጫወታል። አምና ሰኔ ላይ በቴሌግራም እንዲህ ሲል ጻፈልኝ፤ «አክስቴ፣ የክፍሌ ልጆች ሁሉ ኢንዲ ሮክ፣ ኢንዲ ሮክ ይላሉ። እኔ ከመዝሙር ሌላ የማውቀው የለም። ከየት ልጀምር? ባንድ ምረጪልኝ።»

እኔ በሥራዬ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የሙዚቃ ነገር ሲነሳ ግን ዝም ማለት አይሆንልኝም። በዚያው ማታ ስልሳ ዘፈን ሰብስቤ ላክሁለት። ከስልሳው ግማሹን እኔ ራሴ በቅጡ አላዳመጥኩትም፤ ስማቸው ሲነሳ ስለሰማሁ ብቻ የጨመርኳቸው ነበሩ።

በሦስተኛው ቀን፣ እራት ቀርቦ ሳለ፣ የልጁ ስልክ ሳይዘጋ ኖሮ ስለ ውስኪና ስለ ሌሊት የሚጮህ የውጭ ዘፈን ቤቱን ሞላው። ወንድሜ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው። በሐድያና በከምባታ የወንጌላውያን ቤት ያደገ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ መዝሙርና ዘፈን የሚለያዩበት መስመር ወፍራም ነው፤ በብዙ ቤት ዘፈን ደጃፍ አያልፍም። እኔም የወጣሁት ከዚያው ቤት ነውና ማወቅ ነበረብኝ። ስልኩ ተወሰደ፤ ቤዝ ጊታሩም ተቆለፈበት። ወንድሜ ደውሎ አንድ ነገር ብቻ ተናገረኝ፤ «ልጄን መምከር ትችያለሽ፤ ከእኔ ደብቀሽ ግን አይሆንም።» ከዚያ በኋላ እስከ መስቀል ድረስ አልተነጋገርንም።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ልጁ የጠየቀኝ አንድ መነሻ ነበር። እኔ የሰጠሁት ግን የራሴን ዕውቀት ማሳያ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው፣ ልጃቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ ተመሳሳይ ጥያቄ ለሚያቀርብላቸው ሰዎች፣ በሁለተኛው ሙከራ የተማርኩትን ለማካፈል ነው።

ኢንዲ የሚሉት ነገር

አስቀድሞ ቃሉን እናፍታታው። «ኢንዲ» ማለት ራሱን የቻለ ማለት ነው። በ1980ዎቹ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በእንግሊዝና በአሜሪካ ትልልቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች የማይቀበሏቸው የጊታር ባንዶች በትንንሽ አሳታሚዎች፣ አንዳንዴም በገዛ ገንዘባቸው፣ ሥራቸውን ማውጣት ጀመሩ። ስሙ የመጣው ከዚህ ነው። በኋላ የድምፅ ዓይነት መጠሪያ ሆነ እንጂ መነሻው የነፃነት ጉዳይ ነበር።

ይህ ደግሞ ለእኛ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በሕግ ለሀገር ፍቅር ብቻ የተሰጠ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት የሙዚቃ ነጋዴ በ1969 ያንን ክልከላ አልፎ በራሱ ስም ሸክላ ማሳተም ጀመረ። እስከ 1975 ድረስ አምሃ ሪከርድስ ያወጣቸው ሥራዎች ዛሬ ዓለም «የኢትዮጵያ ወርቃማ ዘመን» ለሚለው ሙዚቃ መሠረት ናቸው። ኢንዲ የሚለው ቃል ሳይለመድ እኛ ዘንድ ኢንዲ ነበር ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ልጁ ግን ይህን ሁሉ ከመስማቱ በፊት የአባቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር።

በዱራሜ መንገድ ላይ

መስቀል ሲደርስ የሐድያና የከምባታ ሰው ባለበት አይቀመጥም። እኔም በቡታጅራና በወራቤ በኩል ሆሳዕና ገባሁ። አታካናው ተበላ፣ ሥጋው ተበላ፣ ወንድሜ ግን ከ«እንኳን አደረሳችሁ» ሌላ አልተነፈሰም። በማግስቱ ዱራሜ ያሉትን የእናታችንን እህት ለመጠየቅ በእሱ አሮጌ ፒክአፕ ሦስታችን ተሳፈርን። ልጁ ከኋላ፣ እኔ ከፊት።

ዶዮገና ላይ ስንደርስ ድፍረቴን ሰብስቤ፣ «ጋሼ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ላሰማህ?» አልኩት።

«ቃል ከሌለው ምን ያጠፋል?» አለ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

ፍላሹን ሰካሁ። የኃይሉ መርጊያ አኮርዲዮን ተነሣ። መንገዱ በእንሰት መካከል ይጠማዘዛል፤ ወንድሜ ዝም ብሏል። ሁለተኛው ዜማ ሲጀምር መኪናውን ዳር አስያዘ።

«ይሄ አኮርዲዮን ነው» አለ። «እኔ እኮ እጫወት ነበር።»

ልጁ ከኋላ ተንጠራራ። አባቱ መሣሪያ መጫወቱን ሰምቶ አያውቅም ነበር። ወንድሜም በደርግ ጊዜ፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በተዘጋችበት ዘመን፣ የኳየሩን አኮርዲዮን በጆንያ ጠቅልለው እንሰት ጓሮ ውስጥ እንደደበቁት፣ ማታ ማታ በየቤቱ በቀስታ ይዘምሩበት እንደነበር ተረከልን። እኔ ያኔ ሕፃን ስለነበርኩ አላስታውሰውም። ታሪኩን ሲጨርስ፣ «ሰውዬው ማነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ነገርኩት። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ዋልያስ በአዲስ አበባ ሂልተን ለዓመታት ተጫውቷል፤ በ1977 «ጨ በለው» የተባለውን በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ አልበም አወጣ። በ1981 ለዝግጅት አሜሪካ ሄዱና ከፊሎቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ በ1985 በዋሺንግተን በአኮርዲዮን፣ በኪቦርድና በከበሮ ማሽን አንድ ካሴት ብቻውን ሠራ። ከዚያም ታክሲ እየነዳ ኖረ፤ ደንበኛ እስኪመጣ ድረስ ከመኪናው ኮፈን ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመዳል። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም ሲያውቀው ሰውዬው ወደ መድረክ ተመለሰ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጣ።

ወንድሜ ሞተሩን አስነሣ። «እኛ በጓሮ ስንደብቅ፣ እሱ በታክሲ ደበቀው በይኛ» አለ። ከዚያ እስከ ዱራሜ ድረስ ፍላሹን አላስወጣንም።

የሁለተኛው ዝርዝር

ከዚያ ጉዞ በኋላ ልጁን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብኝ እሱ ነው። «አንተ መዝሙር ስትሰማ ጆሮህ መጀመሪያ የሚሄደው ወዴት ነው?» አለኝ፤ «ወደ ቤዙ። ከዚያ ሰዎቹ በሁለት በሦስት ድምፅ ሲቀባበሉ።» ስልሳው ዘፈን ስድስት ሆነ። በየሁለት ሳምንቱ አንድ ባንድ ብቻ እልክለት ነበር፤ ለኢንተርኔት ጥቅሉም ለጆሮውም የሚበቃ ነው።

አንደኛ፣ ዋልያስ ባንድ። «ሙዚቃዊ ስልት» ከሚለው ቅንብር ጀመርን። ቤዙ አንድ መስመር ይዞ ሲደጋግም ሌሎቹ በላዩ ይመላለሳሉ። ቅኝቱ ከሕፃንነቱ የሚያውቀው የሀገር ቅኝት ነው። ለአዲስ ጆሮ ከዚህ የተሻለ ደጃፍ አላውቅም።

ሁለተኛ፣ ጌታቸው መኩሪያ ከዘ ኤክስ ጋር። ጌታቸው ሽለላና ፉከራን በሳክስፎን ያናገረ ሰው ነው። ዘ ኤክስ ደግሞ በ1979 የተመሠረተ የሆላንድ ባንድ ነው፤ ያለ ትልቅ ኩባንያ የኖረ፣ ጊታሩ እንደ ብረት የሚፋጭ። በኢትዮጵያ ከተሞችም እየዞሩ ተጫውተዋል። በ2006 በአንድነት «ሞዓ አንበሳ»ን አወጡ። ሮክ የሚጮኸው ለምን እንደሆነ ልጁ የገባው እዚህ ላይ ነው፤ «ፎካሪ በሹክሹክታ አይፎክርማ» አለኝ።

ሦስተኛ፣ ደቦ ባንድ። በ2006 በቦስተን በሳክስፎኒስቱ ዳኒ መኮንን የተመሠረተ ሲሆን አኮርዲዮን፣ ቫዮሊንና ትልልቅ የነሐስ መሣሪያዎች አሉት። የ2012 የመጀመሪያ አልበማቸው የወጣው በሰብ ፖፕ ሥር ነው፤ ይህ የሲያትል ኩባንያ የዝነኛውን ሮክ ባንድ የኒርቫናን የመጀመሪያ አልበም በ1989 ያወጣ ነው። ስለዚህ ደቦ ከእኛ ሙዚቃ ወደ ኢንዲ ሮክ የሚያሻግር ድልድይ ነው። ልጁ ሰምቶ ሲጨርስ፣ «ይሄ እንደ ያሆዴ ነው፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል» ብሎ ጻፈልኝ። የመስቀሉን ጭፈራችንን ማለቱ ነው።

አራተኛ፣ ሎው። በ1993 በሚኒሶታ ግዛት ዱሉዝ ከተማ ባልና ሚስት የመሠረቱት ባንድ ነው። አለን ስፓርሃውክ ጊታር፣ ሚሚ ፓርከር ቆማ የምትመታው ጥቂት ከበሮ፣ ከዚያም የሁለቱ ድምፅ። ዘገምተኛ ነው፤ ኳየር የሚያውቅ ሰው ድምፆቹ የሚገናኙበትን ቦታ ወዲያው ያገኛል። በ1999 ያወጡትን የገና አልበም ወንድሜም አብሮ ሰማው። ሚሚ በ2022 በካንሰር ስታርፍ ባንዱም አበቃ።

አምስተኛ፣ ክራንቤሪስ። የአየርላንዱ የሊመሪክ ባንድ ዘፋኝ ዶሎረስ ኦሪዮርደን በልጅነቷ በቤተ ክርስቲያን ኳየር የዘመረች፣ ኦርጋንም የተጫወተች ናት። «ዞምቢ» የተባለውን የ1994 ዘፈን የጻፈችው በ1993 በእንግሊዟ ዋሪንግተን በፈነዳ ቦምብ ሁለት ሕፃናት በመሞታቸው ነው። ይህን ከመስማታችን በፊት ግጥሙን ለወንድሜ ተርጉሜ በስልክ አነበብኩለት። ረጅም ጊዜ ዝም ካለ በኋላ፣ «ይሄ ለቅሶ ነው፤ ይስማው» አለ።

ስድስተኛ፣ ቲናሪዌን። የሰሃራ ቱዋሬጎች ባንድ ነው። መሥራቹ ኢብራሂም አግ አልሃቢብ በልጅነቱ የመጀመሪያ ጊታሩን ከቆርቆሮ፣ ከእንጨትና ከብስክሌት የፍሬን ሽቦ ሠርቷል። የሚያዜሙት ስለ ስደትና ስለ ናፍቆት ነው። ከሆሳዕናና ከዱራሜ ብዙ ቤት ደቡብ አፍሪካ የሄደ ልጅ አለው፤ የእኛም ቤት አለው። የልጁ ታላቅ ወንድም እዚያ ሱቅ ይሠራል። ይህን ሙዚቃ ልጁ ራሱ ላከለት። ወንድምየው ቋንቋውን አንድ ቃል ሳይሰማ፣ «ይሄ የእኔ ነው» ብሎ መለሰ።

የሀገራችንን የሮክ ባንድ ጃኖን ሆን ብዬ ለኋላ አቆየሁት። በ2012 በአሜሪካዊው ቢል ላስዌል ፕሮዲዩሰርነት የወጣው «ኤርታሌ» አራት ድምፃውያንና ከባድ ጊታር አለው። ያንን ልጁና አባቱ ተነጋግረው የሚወስኑት ነው ብያለሁ።

ለምትመክሩ

እንግዲህ የተማርኩት ይህ ነው። የሚወደውን ሳትጠይቁ ባንድ አትምረጡለት፤ መንገዱ የሚጀምረው ጆሮው ካለበት ነው። አንድ በአንድ ስጡ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል። «ወደድከው?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ምኑን ሰማህ?» በሉ፤ ያኔ ልጁ ይናገራል። አልወደድኩትም ካለም እሰየው ነው፤ ምርጫ እያወጣ ነው ማለት ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ በወላጁ ጀርባ አትሂዱ። ሙዚቃው ቢቀር ሌላ ይገኛል፤ አባትና ልጅ የተቀያየሙበት ቤት ግን በቀላሉ አይጠገንም።

ወንድሜ የዘፈን ሰው አልሆነም። ቃል ያለው ሁሉ አስቀድሞ ለእሱ እንዲነበብለት ይፈልጋል፤ ሁለቱን ከልክሏል፤ ከአንደኛው ጋር እኔም አልተስማማሁም፤ ግን አላለፍኩትም። ቤዝ ጊታሩ ለልጁ ተመልሷል። ኳየር ላይ የመዝሙሩን ቤዝ አንድ መስመር ይዞ መደጋገም ጀምሯል አሉ፤ ከየት እንዳመጣው የምናውቀው ሦስታችን ብቻ ነን።

በቀደም ስደውል ስልኩን ያነሣው ወንድሜ ነበር። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ሥራዬ ጠየቀኝ። ሊዘጋ ሲል ግን፣ «ቆይ ቆይ፣ ያ ባለ ታክሲ ሌላ አላወጣም?» አለኝ።